የማጉያው ደም

ጋሽ ይርዳው በሞቱ በአርባኛው ቀን የሰፈሩ ሰው በልማድ ሆዱን አዘጋጅቶ መጣ። በሩ ላይ ግን ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀው። ጽሑፉ የራሳቸው የሟቹ ነው፦ «ተዝካሬ ወጥቷል። ባለፈው የበላችሁ አትመለሱ።»

እውነታቸውን ነው። ተዝካራቸውን ሳይሞቱ፣ በቁማቸው፣ በገዛ እጃቸው ጠላ እየቀዱ አውጥተውታል። ልጅ የሌለው ሰው በእኛ አገር እንዲያ ያደርጋል፤ ከሞተ በኋላ የሚያወጣለት የለማ። ሰዉ ግን ያኛውን በልቶ ይኸኛውንም ሊበላ መጥቷል። ወረቀቱን ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት፤ አልዋሽም። አንዳንዱ ሟቹን እየተሳደበ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጋሽ ይርዳው በወጣትነታቸው የአውራጃው ኪነት ጊታር መቺ ነበሩ። ኪነቱ ሲበተን ትምህርት ቤት ገብተው ንብረት ክፍል ሆኑ፤ ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው። ንብረት ክፍልነቱ ግን ጡረታ አልወጣም። ጊታራቸው የንብረት ቁጥር ነበረው። ቤታቸው ውስጥ ወረቀት ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ወንበሩ ላይ «አንድ እግሩ ላልቷል፤ ወደ ግራ ተደግፈህ ተቀመጥ።» እንስራው ላይ «ክዳኑን መልስ።» መስታወቱ ላይ «ያረጀው መስታወቱ አይደለም።» «ነገር ሳይጻፍ ከቀረ ጠብ ነው» ይሉ ነበር። ጊታር ሲቃኙ ከደረስክ ደግሞ ሰላምታህን ይዘህ ትቆማለህ። «መጀመሪያ ክሩ፤ ሰላምታ የትም አይሄድም» ይሉሃል፤ ጎንበስ እንዳሉ፣ ቀና ሳይሉ።

የእኔና የሳቸው ነገር የተበላሸው በዚሁ በወረቀት ነው።

ያኔ ገበያው ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። ሬዲዮ ለመጠገን ፊደል አያስፈልግም፤ ቀይ ሽቦ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጋሽ ይርዳው የጊታር ማጉያቸውን አመጡልኝ። ከኪነቱ የቀረላቸው ጊታሩና እሱ ብቻ ናቸው። ከውጭ የመጣ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ውስጡ ሲበራ የሚግሉ የመስታወት አምፖሎች ያሉት። አብሮት አንድ ከባድ የብረት ሳጥን፣ ትራንስፎርመር፣ መጣ። የመብራቱ ኃይል እንዳይበዛበት የሚቀንስለት እሱ ነው። እኔ ትርፍ ዕቃ መሰለኝ። የማጉያው ጎን ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አየሁት፤ አየሁትና ተውኩት። ማጉያውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት።

አምፖሎቹ አንድ ጊዜ ቦግ አሉ። ከዚያ ጭስ።

ጋሽ ይርዳው መጥተው አዩት። ገበያተኛው ከቦናል።

«ወረቀቱን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«አንብበኸዋል?»

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። «አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አልኩ።

ሬሳውን አሸክመው ሄዱ። ወረቀቱ ተልጦ እኔ ጋ ቀርቷል፤ ደብቄ አስቀመጥኩት። ዓመታት አለፉ። በአርባ አንድ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር፣ ከሁሉ በፊት አውጥቼ ያነበብኩት እሱን ነው። «ያለ ትራንስፎርመሩ አይሰካም፤ ይሞታል» ይላል። ሌላው ሰው የመጀመሪያ ንባቡ ወንጌል ነው፣ የኔ ይኸ ነው።

እሳቸው በነዚያ ሁሉ ዓመታት አላናገሩኝም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ብቻ ቆም ብለው በበትራቸው አንድ ማስታወቂያ ያሳዩኛል። «አንባቢው! ምን ይላል?» ይሉና መልስ ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። አንብቦ አቃጠለብኝ ብለው ያምኑ ነበር። እኔም ካላነበብኩ መሃይም፣ ካነበብኩ ክፉ ነኝና፣ ክፉነቱን መርጬ ኖርኩ።

ሠላሳ ዓመት ግድም ካለፈ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት መምህርት ክፍል ተከራየች። አስቴር ትባላለች፤ ከወላይታ ሶዶ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ታስተምራለች። ሽማግሌው በየቀኑ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያንን የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ሲመቱ ታያለች። ድምፅ የለውም፤ ጢስ ጢስ የሚል ክር ብቻ። አሳዘኗት። አሮጌ ላፕቶፕ ነበራትና አንድ ፕሮግራም ጫነችላቸው፤ የድሮ ማጉያዎችን ድምፅ የሚያስመስል። ጊታሩን በትንሽ ሳጥን በኩል ከላፕቶፑ ጋር ታገናኘዋለህ፤ ስክሪኑ ላይ የማጉያ ስዕል ይመጣል፣ ቆዳ ልብሱ፣ ማዞሪያዎቹ፣ ቀይ መብራቷ ሳትቀር። በውስጡ የሚግሉ አምፖሎችም ተስለዋል። የመረጥከው ማጉያ በሚያወጣው ድምፅ ትለማመዳለህ፣ ትቀርጻለህም።

ጋሽ ይርዳው ላፕቶፑ ላይ መጀመሪያ ያደረጉት ወረቀት መለጠፍ ነው፦ «ሳይሞቅ አይነካም።» የድሮው ማጉያ አምፖሉ እስኪግል ይጠበቅ ነበርና ስዕሉንም አብርተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁታል።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ስዕል ነው፤ አይሞቅም» አለቻቸው አስቴር።

«የቅዱስ ገብርኤልም ስዕል ስዕል ነው። ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ?»

ከዚያ በኋላ እሷም አብራቸው ትጠብቅ ጀመር። በክረምቱ ብርድ እጃቸውን ዘርግተው የስዕሉን አምፖሎች ሲሞቁ አይታለች። «ሞቀኝ» ይላሉ። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ እውነትም ይግል ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ስዕሉ ግን በባትሪ መብራቱን ቀጠለ። ጋሽ ይርዳው ከጊታራቸው ቀና አሉ። «አገር ጨልሞ ይኸ ብቻውን ከየት ነው የሚበላው? ሌባ ነው» ብለው እሳቸው ራሳቸው ዘጉት። መብራት እስኪመጣ አልከፈቱትም።

አንድ ቅዳሜ አስቴር ቤቴ መጣች። «ጋሽ ጌትነት እርስዎ ነዎት? ጋሽ ይርዳው ማጉያው ተበላሽቷል፣ ዕቃህን ይዘህ ና ብለዎታል።»

ሠላሳ ዓመት ያላናገረኝ ሰው ነው። የመበየጃ ካውያዬን፣ መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። ክር ይቃኙ ነበር፤ ቆምኩ። ቃኝተው ሲጨርሱ ላፕቶፑን አሳዩኝ።

«ድምፅ አለው። ግን የሟቹ ማጉያዬ ድምፅ አይደለም። ክፈተውና እየው።»

«የቱን ልክፈት?»

«ጀርባውን።»

ላፕቶፑን ገለበጥኩት። «ጀርባው ባትሪ ነው፤ ጋሼ፣ ስዕል አይጠገንም» አልኳቸው።

«እውነተኛውንም አልጠገንከው» አሉኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩብኝ።

ሽማግሌ የተቀመጠው ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ነው። ሦስት ናቸው። አያ ተገኘ ዋናው ናቸው፤ በዚህ አገር ስንት ገዳይና የሟች ዘመድ አስታርቀው ደም አድርቀዋል። አንዱ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ሦስተኛው የጋፋት ገበሬ። ጋሽ ይርዳው ተነሡና «ይህ ሰው ማጉያዬን ገድሎብኛል፤ በመካከላችን ደም አለ» አሉ።

ፖሊሱ «ሬሳው የት አለ?» አለ።

ሬሳው መጣ። ዶሮ ትታቀፍበት ኖሯል፤ ስፒከሩን አይጥ በልቶታል። ፖሊሱ ዞሮ አየና «ሞቷል» ብሎ አረጋገጠ።

የጋፋቱ ገበሬ «ኧረ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» አሉ። «እኛ አገር ብረት ቀልጦ መድፍ የተሠራበት ነው። ስንት ብረት ፈነዳ! የብረት ደም የጠየቀ ግን የለም።»

«ብረቱ ይዘፍን ነበር?» አሉ ጋሽ ይርዳው።

ገበሬው አሰቡበት። «አይ፣ አይዘፍንም ነበር።»

«እንግዲያ!»

አያ ተገኘ እጃቸውን አነሡ። በደም ነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለሰውም ለማጉያም ያው ነው። ወደኔ ዞሩ። «አውቀህ ነው የገደልኸው፣ ሳታውቅ?»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«አንብቤዋለሁ ብሏል! በገበያ መካከል!» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«አላነበብኩትም» አልኩ። «ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።»

ጋሽ ይርዳው በትራቸውን ጥለው ተነሡ። ይቅር ሊሉኝ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፉ ነው ብዬ ስጠላህ! መሃይም መሆንህን ብትነግረኝ እኮ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብዬህ ነበር! ሠላሳ ዓመቴን ማን ይመልስልኝ? ይኸ ሌላ ክስ ነው፣ ጻፉልኝ!»

ካሳ አልፈልግም አሉ። የፈለጉት ድምፁን ነው። ለኅዳር ሚካኤል የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ቆርጠዋል። እንግዳው በልቶ ሲጠግብ አንድ ዜማ በዚያ ማጉያ ድምፅ መትተው፣ አስቀርጸው ሊያስቀሩ ነው። ጣቶቻቸውን ዘርግተው ለሽማግሌዎቹ አሳዩ፤ ሁለቱ አይታጠፉም፣ ሦስተኛው ጀምሮታል። «ልጅ የለኝም። ከኔ የሚቀር እሱ ነው። ድምፁን የሚያውቅ ደግሞ ከኔ ሌላ ገዳዩ ብቻ ነው» አሉ።

ፍርዱ ይኸ ሆነ፦ በየቅዳሜው እየሄድኩ እቀመጣለሁ፤ ስዕሉ እየተለዋወጠ ድምፁ ይፈለጋል፤ ሁለታችን በአንድ አፍ «እሱ ነው» ያልን ቀን ደሙ ይደርቃል። አያ ተገኘ ጨመሩበት። «ሳይሆን ነው ብትል፣ ደሙ በአንገትህ።»

የቅዳሜዎቹን ነገር ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ሩብ ሰዓት ስዕሉን ማሞቅ። ክር መቃኘት። ከዚያ እሳቸው አንዲት አጭር ምት ይመታሉ፤ አስቴር አንዱን ማጉያ አንሥታ ሌላውን ታመጣለች። ፕሮግራሙ የሌለው ማጉያ የለም። አንዱ የሐምሌ ዝንብ ነው። አንዱ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን። አንዱ በጣም ያምራል፤ «ይኸ ሀብታም ቤት ያደገ ነው፣ አንሺው» ይሏታል ጋሽ ይርዳው። ከዚያ ወደኔ ያያሉ።

«አይደለም» እላለሁ።

«አይደለም» ይላሉ እሳቸውም።

እንዲህ ስድስት ቅዳሜ ሄደ። ኅዳር ደረሰ። ሦስተኛው ጣታቸው መታጠፍ እያቃተው መጣ፤ ምቷ ራሷ ልትጠፋቸው ነው። በሰባተኛው ቅዳሜ መሮኝ ነበር፣ ሆዴም ባብቷል። አንዱ ድምፅ ትንሽ ሲቀርብልኝ «እሱ ነው!» አልኩ።

ጋሽ ይርዳው ወረቀትና ሙጫ አመጡ፣ ጻፉ፣ ኮቴ ደረት ላይ ለጠፉት። እኔም በንዴት ወጥቼ ሄድኩ፤ ወረቀቱን ረስቼዋለሁ። ገበያውን አቋርጬ ቤቴ ስገባ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚስቅብኝ ገባኝ። «ይዋሻል። ከመጠቀምህ በፊት አረጋግጥ» ይላል።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ከበሮ ሠሪ የፍየል ቆዳ ፀሐይ ላይ ወጥሮ አየሁ። የቆዳው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ቆምኩ። ማጉያው ከመቃጠሉ ሁለት ዓመት በፊት፣ ስፒከሩ ተቀዶ፣ ለብቻው ተፈትቶ እኔው ጋ መጥቶ ነበር። አዲስ ስፒከር የለኝም። ከተበጠሰ ከበሮ በተረፈ ቆዳ ቀዳዳውን ለጥፌ «አዲስ ቀይሬልዎታለሁ» ብያቸው ነበር። ቀጥ ብዬ ወደሳቸው ሄድኩ።

«የፍየል ቆዳ?» አሉኝ።

«የከበሮ ትራፊ።»

«አዲስ ነው አላልከኝም?»

«ብዬዎታለሁ።»

«ሌላ የዋሸኸኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገር፤ ወረቀት እያለቀብኝ ነው።»

ሌላ አልነበረም። ከከበሮ ሠሪው ቁራጭ ቆዳ ለምኜ፣ ከቤቴ አሮጌ ስፒከር አንሥቼ፣ ደህናውን ስፒከር በቢላ ቀደድኩት። ከዚያ ለጠፍኩት። ጤነኛ ዕቃ ቀድጄ ስጠግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አስቴር ስፒከሩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው። ስዕሉ ሞቀ። ጋሽ ይርዳው ወፍራሟን ክር መቱ።

ስፒከሩ አጉረመረመ፤ ከዚያ ድምፁ መጨረሻ ላይ ቆዳው እየተንዘፈዘፈ አክታ እንዳለበት ሽማግሌ ሳቀ።

«እሱ ነው» አልን። ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

አስቴር ደነገጠች። «ተበላሽቷል እኮ! ቆይ ላስተካክለው...»

«እጅሽን አንሺ ልጄ!» አሉ ጋሽ ይርዳው። መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። «ሠላሳ ዓመት የውጭ አገር ጥበብ መስሎኝ የናፈቅሁት የዚህን ሰው ጥፋት ነው» አሉ። እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ በልተው፣ መርቀው፣ ጊታሩ ሳይወጣ ሄዱ። ከዚያ ጋሽ ይርዳው መቱ። ሰዉ መጀመሪያ ንብ የገባ መስሎት ጣራ ጣራውን አየ። ፖሊሱ «ደም ያቃባችሁ ይኸ ነው?» አለኝ። አስቴር ከስፒከሩ ፊት ማይክ አቁማ ቀረጸች። ዜማው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጣታቸው እምቢ አለ። ጊታሩን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «በቃ፣ ሞቻለሁ። ብሉ» አሉ።

ሰው ሊሸኙ ሲወጡ፣ ቅባት በነካ እጅ ሲነካካ የዋለውን ስፒከር የጎረቤት ውሻ ገብቶ ቆዳውን ቦጭቆ በላው። ሌላ ልለጥፍ ስላቸው «ተው፣ ማንም ሁለት ጊዜ ከሞት አይነሣም። ተቀርጿል፤ ይበቃኛል» አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ አረፉ።

በአርባው ቀን ተርቦ የመጣው ሰው ከተበተነ በኋላ አስቴር ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። «ስጦታ አለኝ» ብላ ቅጂውን ከፈተች።

ንጹሕ ነው። እንደ ጠበል የጠራ። ማጉረምረሙ የለም፣ መንዘፍዘፉ የለም፣ ያ ሳቅ የለም። ጫጫታውን በኮምፒውተር አንድ በአንድ አጥባ አውጥታዋለች፤ ሁለት ሳምንት ደክማበታለች።

«እሳቸው ሰምተውታል?» አልኳት።

«ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው። ‹በጣም ያምራል፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ‹ለጌትነት ግን አታሰሚው› አሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ያልታጠበውስ?»

«ቦታ ይዞብኝ አጠፋሁት» አለች። ፊቴን አይታ የምታደርገው ጠፋት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። ከዚያው ከበሮ ሠሪ ሌላ ቆዳ ወስጄ፣ ሌላ ስፒከር ቀድጄ ለጠፍኩና የታጠበውን በሱ አሰማን። ተንዘፈዘፈ፤ የተንዘፈዘፈው ግን ቆዳው ነው፣ እሳቸው የሉበትም። እሷ ፕሮግራሟን ከፍታ ማዞሪያዎቹን እያዞረች ቆሻሻውን መልሳ ልትጨምርበት ትታገላለች። «ይኸኛውስ?» ትለኛለች። «ይኸኛውስ?»

በመጨረሻ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ጋሽ ጌትነት፣ እባክዎ፣ አንዴ እሱ ነው ይበሉኝ። ዕዳው ይውረድልኝ።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። በዚህ ከተማ ለዚያ ሽማግሌ ከሷ የበለጠ ያደረገለት ሰው የለም። አንድ ቃል ብናገር ተኝታ ታድራለች፤ የሚያጋልጠኝም በሕይወት የለም።

«አይደለም» አልኳት።